የአያ ቶንየስ ንቦችና የመድኃኒቱ ዋጋ

ላም ስትታመም ታቃስታለች፤ ፈረስ ሲታመም መኖውን ይተዋል። ንብ ግን ምንም አትልም። ባለቤቷ በደህና አለች ብሎ ሲያልፍባት ይከርምና አንድ ቀን ክዳኑን ሲያነሳ ቤቱን ጭር ብሎ ያገኘዋል። ይህን ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ናቸው። ሁለቱም እልኸኞች ስለነበሩ፣ የተማርኩት ሲከራከሩ መሃል ቆሜ በመስማት ነው።

በሉነቡርግ፣ አስታ የሚባል ሐምራዊ አበባ ያለው ቁጥቋጦ በሸፈነው ምድር፣ ኤለርሎህ በምትባል መንደር መድኃኒት ቤት አለኝ። በሰኔ መጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ለአንዲት በሽተኛ መድኃኒት አድርሼ በብስክሌት ስመለስ፣ በበርች ዛፎቹ መካከል በሚያልፈው አሸዋማ መንገድ ላይ አንድ ተጎታች ጋሪ ጎማው ሰጥሞ ቆሞ አገኘሁ። አጠገቡ አያ ቶንየስ ፑተንሰን ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ጎማውን ይመለከታሉ። በአገራችን ከእሳቸው በዕድሜ የሚበልጥ ንብ አናቢ አልቀረም።

«ደህና ዋሉ አያ ቶንየስ። ምን ነካው?»

«አሸዋው ወደደውና አልለቅም አለ ወይዘሮ አልሃይት።»

ጋሪው ላይ ቀፎዎች እስከ ጫፍ ተደርድረዋል። ቀረብ ብዬ አዳመጥኩ። አንዳችም ድምፅ የለም።

«ባዶ ናቸው እንዴ?»

«ሃያ አራት ናቸው። ባለፈው ብርድ ያለቁት። ከአርባ አስራ ስድስት ቀረኝ። ከተማ ውስጥ አንድ ሰውዬ ይገዛኛል፤ አበባ ሊተክልባቸው።» አንዱን ቀፎ መታ መታ አደረጉ። «አባቴ በእጁ የሠራው ቀፎ የአበባ ማሰሮ ሊሆን! የቀሩትንም ዘንድሮ አስታው አብቦ ሲያበቃ እሸጥና እገላገላለሁ።»

እኒህ ሰው ሚስታቸው ስትሞት ወደ ቀፎዎቹ ሄደው ለንቦቹ በየበሩ እየዞሩ መርዶዋን የነገሩ ሰው ናቸው። እገላገላለሁ ሲሉ ስሰማ ሌላ ሰው የሚናገር መሰለኝ።

እንዲህ ቆመን ሳለን ከጫካው በኩል ትንሽ ትራክተር ብቅ አለች። የምትነዳት የእህታቸው የልጅ ልጅ ቪብከ ነበረች። ቪብከ የንብ እርባታን ለሦስት ዓመት ተምራ በዚያው ዓመት የተመለሰች፣ ፊቷ በፀሐይ የቀላ፣ ምላሷ የማያርፍ ልጅ ናት። ገመድ ይዛ ወረደችና ቀፎዎቹን ስታይ ቆመች።

«አጎቴ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ገበያ።»

«እንግዲያው ገመዱን አላስርም። አሸዋው ከእኔ ጋር ነው ማለት ነው።»

«ልጄ፣ ጋሪዬ ሰጠመ አልኩ እንጂ የሚሰብከኝ ቄስ አጣሁ አላልኩም።»

«ስብከት አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ንቦቹን የገደለው በላያቸው የሚጣበቀው ጥቃቅን መዥገር መሆኑን ያውቃሉ። ለምን በሙቀቱ ወራት አያክሟቸውም?»

«አክማለሁ! በገና ሰሞን እጭ በማይኖርበት ጊዜ መዥገሩን የሚገድለውን አሲድ በንቦቹ መሃል አንጠባጥባለሁ። ዋጋውን ወይዘሮ አልሃይት ይንገሩሽ፣ የሚሸጡልኝ እሳቸው ናቸው።»

«ለአንድ ቀፎ ከአንድ ዩሮ ትንሽ ቢበልጥ ነው» አልኩ።

«ሰማሽ? ዳቦ እንኳ አይገዛም። እናንተ የተማራችሁት ደግሞ በእንጨቱ ፍሬም መሃል የሚሰቀል በመድኃኒት የተነከረ ቁራጭ ነገር ለቀፎ ስምንት ዩሮ ግዙ ትላላችሁ። መዥገሩ እንዲሞት ንቧን የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ሳጥንማ አይነሳ፤ በሱ ዋጋ ጥርሴን በሙሉ አስተክል ነበር።»

ቪብከ ሳቀች። «ሳጥኑን ይግዙ አላልኩም፤ ለአስራ ስድስት ቀፎ ከሆነ እኔም አልገዛውም። የሚሰቀለውም ቢሆን በየዓመቱ ያንኑ ሲደጋግሙት መዥገሩ ይለምደዋል፣ ሰሙም ውስጥ ይቀራል። የጉንዳን አሲድ ግን ለቀፎ ሁለት ዩሮ ነው። አሲዱን የሚያተንነው ዕቃ አንዴ ከተገዛ ለዓመታት ያገለግላል። ንቦቹ በሰም ባሸጉት የእጭ ቤት ውስጥ ገብቶ መዥገሩን የሚገድል እሱ ነው።»

«መቼ ነው የሚደረገው?»

«በሐምሌ፣ የሊንደን ዛፍ አበባ ማር እንደተቆረጠ።»

ሽማግሌው ይህን ሲጠብቁ የቆዩ ይመስል ፈገግ አሉ። «የአስታው ማርስ?»

ልጅቷ ወደ አስታው ምድር ዞር ብላ አየች።

«አሲድ ከተነነበት ቀፎ በዚያ ሰሞን ማር አይቆረጥም። በነሐሴ ምድሩ ሁሉ ሐምራዊ ሲሆን ንቤ ቤቷ ተቀምጣ ታስነጥስ? አንድ ቀፎ ከአስታ አስራ አምስት ኪሎ ያመጣልኛል፤ ኪሎው አስራ ሁለት ዩሮ። እንግዲህ ያቺ የሁለት ዩሮ መድኃኒትሽ መቶ ሰማንያ ዩሮ አወጣች ማለት ነው። እዚያ ትምህርት ቤት መደመር ብቻ ነው ያስተማሩሽ?»

ቪብከ ገመዱን በእጇ እያገላበጠች ቆየች። ብዙ የተማሩ ሰዎች በዚህ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። እሷ ግን እንዲህ አለች፦

«ልክ ነዎት አጎቴ። ያንን አልቆጠርኩትም። እርስዎም ግን ያልቆጠሩት አለ። ዛሬ አንድ ቀፎ ሙሉ ኅብረ ንብ ለመግዛት መቶ ሃምሳ ዩሮ ያስፈልጋል። ሃያ አራት ሞቱብዎት። ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ዩሮ ነው ይህ ጋሪ ላይ ያለው። ያ ዳቦ የማይገዛው መድኃኒት እኮ እንዲህ ያለ ውድ ነገር ኖሯል!»

«አሲዱ አልገደላቸውም!»

«አልገደላቸውም፣ ዘግይቶ ደረሰ እንጂ። ብርዱን የምታሳልፈው ንብ የምትወለደው በሙቀቱ ወራት መጨረሻ ነው። በእጭነቷ መዥገሩ ሥጋዋን መጥጦባታል። በገና መዥገሩን ቢገድሉላት፣ የተጎዳ ሰውነቷን ማን ይመልስላታል? በሽተኛው ከተቀበረ በኋላ ሐኪም ቤት እንደ መሮጥ ነው።»

አያ ቶንየስ ወደ ጋሪው ዞሩ። ጎማውን በእግራቸው መቱት። ልጅቷም ገመዱን አሰረችና ጋሪውን ከአሸዋው አወጣችው። ነገር ግን ትራክተሯን ያዞረችው ወደ ከተማው ሳይሆን ወደ እሳቸው ቤት ነበር። ሽማግሌው ከኋላ እየተከተሉ «ሌባ!» ብለው ጮሁ፤ ግን አላስቆሟትም።

እኔ በበኩሌ ከዚያ በኋላ ብዙ አሰብኩ። የዕቃን ዋጋ የምናውቀው ከላዩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ነው። የሚያተርፈውንና የሚያጠፋውን ግን ማንም አይለጥፍልንም። ሽማግሌው ወረቀቱን ብቻ አነበቡ። ወጣቷም ብትሆን መጽሐፉን ይዛ አገሩን ረስታ ነበር። ሁለቱ ባይገናኙ ኖሮ ሁለቱም በየግማሽ እውነታቸው ይቀሩ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ቪብከ ወደ አያ ቶንየስ ዘንድ ስትሄድ እኔንም ይዛኝ ሄደች። ሽማግሌው ከንቦቹ መጠለያ ፊት ለፊት ተቀምጠው ድንችና በጭስ የደረቀ ሥጋ ይበላሉ።

«መድኃኒት ሳይነካቸው ለአስታው የሚደርሱበት መንገድ አለ» አለች ሳትቀመጥ። «መዥገሩ የሚራባው በእጩ ውስጥ ነው። እንግዲያው በሐምሌ መጀመሪያ እጭ ያለበትን የሰም እንጀራ ሁሉ ከቀፎው እናወጣለን። ለወጥመድ ገና ያልታሸገ እጭ ያለበት አንድ እንጀራ ብቻ እንተዋለን። የተረፈው መዥገር እዚያ ይገባል፤ ሲታሸግ አውጥተን እናቀልጠዋለን።»

አያ ቶንየስ ሹካቸውን አስቀመጡ። «እጩን ሁሉ? ከእናት ቤት ሕፃናቱን ሁሉ ልውሰድ?»

«አንጥላቸውም። ሌላ ቦታ አንድ ላይ ሰብስበን እናሳድጋቸዋለን። ሁሉም ሲፈለፈሉ መዥገሩ መደበቂያ ያጣል፤ ያን ጊዜ በአሲድ አክመን አዲስ ንግሥት እንሰጣቸዋለን፣ አዲስ መንጋ ይሆናሉ። በእናትየዋ ቤትም ንቦቹ የሚያጠቡት ሕፃን ስለሌላቸው ማር ወደ መፈለግ ይወጣሉ።»

«ዋጋውስ?»

«ንቦቹ አዲስ እንጀራ ለሚሠሩበት የሰም ወረቀት ለቀፎ አስራ አምስት ዩሮ ያህል። የወጣው አሮጌ እንጀራ ሲቀልጥ ከዚያ ገሚሱ ይመለሳል። ከዚያ ውጭ ድካም ነው።»

«ድካሜ በነጻ ነው?»

«በሰዓት ስንት ይጠይቃሉ?»

«ሚስቴ በነበረች ጊዜ በነጻ ነበር። አሁን ተወድጃለሁ።» ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ። «ይሞታሉ ልጄ። እጭ የሌለው ቤት ተስፋ የሌለው ቤት ነው። ከአባቴ የሰማሁት ይህን ነው።»

«ስምንቱን ይስጡኝ። ስምንቱን እርስዎ እንደ ልማድዎ ይያዙ። ሁሉም አንድ አስታ ላይ ይውሉ። በገና አሲዱን ለሁሉም እኩል እንስጥ። የእኔ ከሞቱ በገንዘቤ እተካለሁ።»

«የኔ ከሞቱስ?»

«እርስዎ ጉድ ሲሆኑ አልስቅም።»

«ይህቺ ልጅ አትቻልም» አሉ ወደ እኔ ዞረው፤ ሆኖም እጃቸውን ዘረጉላት።

ያ የሐምሌ ቀን ከዓይኔ አይጠፋም። እኔ ከመድኃኒት ቤቴ ማጉያ መነጽር ይዤ ሄጄ ነበር። ቪብከ የመጀመሪያውን ቀፎ ከፍታ የእጭ እንጀራውን አወጣች። የታሸገውን ጉድጓድ ቀስ ብላ በመርፌ ገልጣ፣ እንደ ወተት የነጣች ሙሽሬ፣ ገና ያልተወለደች ንብ፣ ስታወጣ፣ ከሥሯ ቀያይ ነጠብጣቦች ተሯሯጡ። አያ ቶንየስ ማጉያውን ተቀብለው ጎንበስ አሉ። ረጅም ጊዜ አልተነሡም።

«እግር አለው» አሉ በመጨረሻ በለሆሳስ።

«ስምንት እግር አለው አጎቴ።»

«ስንት ዘመን ስረግመው ኖርኩ። ፊቱን ግን አይቼው አላውቅም።»

በዚያው ቅጽበት ከጎን ካለው ጉድጓድ አንዲት ንብ ክዳኗን በአፏ እየቆረጠች ወጣች። ክንፏ እንደ ተጨማደደ ክር ነበር። ለመብረር ሞከረችና በሽማግሌው መዳፍ ላይ ወደቀች። እዚያው መዳፋቸው ላይ ክንፏን ለማቃናት ስትታገል አዩዋት። ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ድረስ ዝቅ አድርገው «ቀጥይ» አሉ።

እጩ ሁሉ ከወጣ በኋላ ቀፎዎቹ የተዘረፈ ቤት መሰሉ። አያ ቶንየስ በየማለዳው እየሄዱ በበሩ ላይ ሲያጎነብሱ አያቸው ነበር፤ መርዶ የሚጠብቁ ይመስላሉ። የወጥመዱ እንጀራ ከወጣ በኋላ፣ ወደ አስታው ከመጓዛቸው በፊት፣ ሦስታችን እንደገና ከፈትናቸው።

ምን ብዬ ልግለጸው! ባዶ የሰም ወረቀት በሰጠንበት ቦታ ሁሉ አዲስ እንጀራ ተሠርቶ ተንጠልጥሏል። የማንም እግር እንዳልረገጠው በረዶ ነጭ ነው። ቪብከ አንዱን ፍሬም ወደ ፀሐይ ስታነሣው ብርሃኑ አልፎ ታየ፤ በየጉድጓዱ ወለል ላይ አንዲት ዕንቁላል፣ ቀጥ ብላ እንደ ክር ቁራጭ ቆማለች። አንድም ጉድጓድ አልተዘለለም። ንግሥቲቱ በሠራተኞቿ ተከብባ በእርጋታ ትሄዳለች።

አያ ቶንየስ ጓንታቸውን አወለቁ። የሚናገሩት ለእኛ አልነበረም።

«ቤታቸውን አፈረስኩባቸው፤ አንዷ እንኳ አልኮረፈችም። ማነው ያዘዛቸው? ጀምሩ ያላቸው ማነው?»

«ማንም አላዘዛቸውም አጎቴ።»

«እኔ ከሃያ አራት ሞት በኋላ ልሸጥና ልገላገል አልኩ። እነዚህ ደግሞ...» አልጨረሱትም። ፍሬሙን ከእጇ ተቀብለው እንደ ሕፃን በጥንቃቄ ወደ ቦታው መለሱት።

በነሐሴ አስራ ስድስቱም ቀፎዎች አስታው ላይ ዋሉ። እረኛው በጎቹን በየማለዳው በቁጥቋጦው መሃል ነድቶ የሸረሪቱን ድር ያስበጥስላቸው ነበር፤ አለዚያ ንቦቹ በድሩ ይያዛሉ። ማሩ ሲቆረጥ የሽማግሌው ስምንት ቀፎዎች በአማካይ አስራ ስድስት ኪሎ፣ የልጅቷ አስራ አራት ኪሎ ሰጡ።

የእልህ ነገር አይጣል! ሽማግሌው ያንን ቀን እንደ ሠርግ አከበሩት። «በሉ ወይዘሮ አልሃይት፣ ይመስክሩ! ሁለት ኪሎ በየቀፎው። ሃያ አራት ዩሮ። ሲደመር የሰም ወረቀቱ። ልጄ፣ ያንቺ ነጻ መድኃኒት እኮ እየተወደደ ሄደ።»

«መጋቢትን ይጠብቁ» አለች ቪብከ። ፈገግ ለማለት ሞከረች እንጂ ደስ አላላትም። ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ «ብሳሳትስ ወይዘሮ አልሃይት?» ብላ ጠየቀችኝ። 

በገና ሰሞን አሲዱ ለሁሉም ተሰጠ። በጥር በረዶው እስከ ጉልበት በወረደ በአንድ ጸጥ ያለ ረፋድ አያ ቶንየስ ወደ መድኃኒት ቤቴ መጡ። መድኃኒት አልፈለጉም። «ያን የልብ ማዳመጫ ያውሱኝ» አሉ። ሁኔታቸው ስላሳሰበኝ ዘግቼ አብሬያቸው ሄድኩ። ቪብከም መጠለያው ዘንድ በረዶ ስትጠርግ አገኘናት።

ሽማግሌው ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ከራሳቸው ቀፎዎች ጀመሩ። በመጀመሪያው ላይ አሳረፉት። ጠበቁ። በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው እንደገና ጠበቁ። ወደ ሁለተኛው ሄዱ። ወደ ሦስተኛው። ፊታቸውን አይቼ ውጤቱን አወቅሁ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ድንገት ቀና አሉ። «አለች! ይቺ አለች!» ከዚያ በኋላ ግን አንዲት ደካማ ድምፅ ብቻ አገኙ። ከስምንቱ ስድስቱ ዝም ብለዋል።

ወደ ቪብከ ቀፎዎች ሲሻገሩ ልጅቷ አካፋዋን ይዛ ተከተለቻቸው። ማዳመጫውን አሳረፉ። ቆሙ፤ አልተንቀሳቀሱም። ቆይተው ማዳመጫውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ።

አዳመጥኩ። ከሩቅ አገር የሚመጣ፣ ዝቅ ያለ፣ የማይቋረጥ ድምፅ ነው። በውጭ ሁሉ ነገር በርዷል፤ ወፍ እንኳ አይሰማም። በዚያ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ፍጥረታት ተቃቅፈው፣ ተራ በተራ ከዳር ወደ መሃል እየገቡ፣ በገላቸው መንቀጥቀጥ ብቻ ንግሥታቸውን ያሞቃሉ። በቤተ ክርስቲያን ብዙ ዘመን ቆሜያለሁ፤ እንደዚያን ዕለት ግን ሰውነቴን የነዘረው ጊዜ ትዝ አይለኝም። ዞር ስል አያ ቶንየስ በዚያ ብርድ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል።

ሰባቱ ይዘምራሉ። ስምንተኛው ሞቷል።

«ይሄኛው ሞቶብኛል» አለች ቪብከ ፈጥና፤ «ንግሥቲቱ ያረጀች ነበረች፣ በጊዜ መቀየር ነበረብኝ።»

«ከእጩ የተሠሩት ሁለቱ አዲስ መንጋዎችስ?» አሉ ሽማግሌው።

«አሉ።»

«ስምንት ሰጥቼሽ ዘጠኝ መለስሽልኝ ማለት ነው።»

«አጎቴ፣ እንዳልስቅ ቃል ገብቻለሁ።»

«ሳቂ ልጄ። እኔ ሃያ አራት ዩሮ አተረፍኩ ብዬ ስጨፍር ከርሜ የለም?»  የሞቱትን ስድስት ቀፎዎች አንድ በአንድ በመዳፋቸው ዳሰሱ። «ለእነዚህ ግን አይሳቅም። እጄ ላይ የወደቀችውን ንብ ባየሁ ጊዜ ማቆም ነበረብኝ። ለራሴ ስምንትም ያንኑ አድርጊ ማለት ነበረብኝ። ቃሌን አላጥፍም ብዬ እልህ ያዘኝ።»

ቪብከ አካፋዋን ጥላ እጃቸውን ያዘች። 

ሒሳቡን የፈለገ እንዲህ ያስላው። ሽማግሌው በማር ለቀፎ ሃያ አራት ዩሮ ተርፏቸው፣ የሰም ወረቀትም ሳይገዙ፣ ስድስት ኅብረ ንብ አጡ፤ ዘጠኝ መቶ ዩሮ ነው። ልጅቷ ወጪዋ በልጦ፣ ማሯ አንሶ፣ ከጀመረችበት አንድ ጨምራ ወጣች። ይህ ግን በገንዘብ የሚቆጠረው ብቻ ነው። ንቦቹ ብርዱን አልፈው ባይተርፉ ኖሮ የኤለርሎህን የፖም ዛፎች ማን ይጎበኛቸው ነበር? የቶንየስ አባት ቀፎዎች የሰው በረንዳ ላይ አፈር ተሞልተው ይቀሩ ነበር። ወጣቷም ሙያዋን ይዛ ወደ ሌላ አገር ትሄድ ነበር። አንድን ልማድ በጊዜው ያልመረመረ ሰው የሚከፍለው ዕዳ በአንድ ቤት ብቻ አያበቃም።

በመጋቢት ፀሐይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቅ ባለችበት ቀን ሁላችንም እዚያ ነበርን። በረዶው ገና ከመሬት አልጠፋም። ከአንዱ ቀፎ በር አንዲት ንብ ወጣች፤ ከዚያ አሥር፤ ከዚያ አየሩ ሁሉ ወርቃማ ሆነ። ወራት ሙሉ ተዘግተው የከረሙት በነጩ ምድር ላይ ሲዞሩ፣ አንዲቷ በአያ ቶንየስ ባርኔጣ ላይ አርፋ ክንፏን ዘረጋች። ክንፏ ሙሉ ነበር። ሽማግሌው እንዳትበር ብለው አንገታቸውን አላነቃነቁም።

በዚያ ጊዜ ጎረቤታቸው ጌፈርት፣ እሱም አስራ ሁለት ቀፎ ያለው ሰው፣ በአጥሩ በኩል አንገቱን አስገባ።

«ቶንየስ! ለመዥገር ርካሹ መድኃኒት የትኛው ነው? ለቀፎ ስንት ያወጣል?»

አያ ቶንየስ ንቧ እስክትነሣ ጠበቁ። ከዚያ ቪብከን በዓይናቸው ጠቀስ አድርገው መለሱለት፦

«መጀመሪያ መቼ እንደምታክም ንገረኝ ጌፈርት፤ ከዚያ ዋጋውን እነግርሃለሁ።»